የሚዛን የጎል ሰሌዳ

ሰፈሩ ሁሉ ሚዛን ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምትጠራው ስትቆጣ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው። ሱቁ ከስታዲየሙ ጀርባ፣ በጎማ ጠጋኙና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር አላት፤ አንዱ ከተሰበረ ሦስት ዓመት ስላለፈው ፎጣ ይሰጣበታል። ፊት ለፊት ግድግዳውን የሞላ መስታወት አለ። በስተቀኝ፣ ከተቀማጩ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ደግሞ ሰሌዳው ተሰቅሏል።

ሰውየውን ሚዛን ያሰኘው ይኸው ጥቁር ሰሌዳ ነው። የሊጉ አሥራ አራት ቡድኖች በረድፍ ተጽፈውበታል፤ በየቡድኑ ሥር አጥቂዎቹ፣ ያገቡት ጎል፣ የተጫወቱት ጨዋታ፣ በመጨረሻም ጎሉ ለጨዋታው ሲካፈል የሚወጣው ቁጥር። ሰኞ ሰኞ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ያለፈውን ሳምንት ያጠፋና አዲሱን በጠመኔ ይጽፋል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያስቀረው ሁለት ሰኞ ነው፤ አንዱ ልጁ የተወለደች ቀን፣ አንዱ ትርፍ አንጀቱን ያወጡለት ቀን። የስፖርት ጋዜጠኛው ፀጉሩን ሳይቆረጥ ይመጣና ቀድቶ ይሄዳል። ማክሰኞ ጋዜጣው ላይ «ዝግጅት ክፍላችን ባደረገው ጥናት» የሚል ይወጣል። ሚዛን አይከፋውም፤ ጥናቱ የማን እንደሆነ ሰፈሩ ያውቃል።

አንድ ችግር ነበር። ጨርቅ አንገቱ ላይ የታሰረ ደንበኛ ዞሮ ማየት አይችልም፤ በፊት ለፊቱ መስታወት ሲያየው ደግሞ ጽሑፉ ተገልብጦ ይታየዋል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ሚዛን ማጅራት የሚያሳይባትን ትንሿን መስታወት ከኋላ ይይዛል፤ ማጅራቱን ካሳየ በኋላ ወደ ሰሌዳው ትንሽ ያዘነብላታል። በሁለቱ መስታወት መካከል ጽሑፉ ይቃናል። ይህቺን ማዘንበል ሳያይ ከወንበሩ የሚነሳ ደንበኛ የለም።

ሰሌዳው ከቂም የተወለደ ነው። ሚዛን በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የባቡር ድርጅቱ ታዳጊ ቡድን አጥቂ ነበር። በስድስት ጨዋታ አምስት ጎል አግብቶ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ አሰልጣኙ አስቀመጠውና የገዛ እህቱን ልጅ አስገባ። ለምን ብሎ ሲጠይቅ «ዓይኔ አላመነብህም» አለው። አምስት ጎል በስድስት ጨዋታ የሚለውን ነገር የሚያነሳለት አንድ ሰው ጠፋ፤ ያኔ የሚጽፍም የሚቆጥርም አልነበረም። ጫማውን ሰቅሎ መቀስ ያዘ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ «ዓይን ያዳላል፣ ቁጥር አያዳላም» እያለ ይኖራል። ይህን አባባል ከመቀሱ እኩል ሲያንቀጫቅጨው ስለሚውል የሰለቸው ደንበኛ ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ ወደ ምራቂ እንምጣ። ምራቂ የሚስቱ ወንድም ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሱ የሰባት ዓመት ልጅ፣ እሷ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። እቤታቸው አምጥታ እንደ ልጅ አሳደገችው። ኳስ ያስተማረው ሚዛን ነው፤ ፀጉሩንም እስከ ዛሬ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። አድጎ ለሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ፈረመ። አሰልጣኙ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀምጦ መጨረሻ መጨረሻው ላይ ያስገባዋል፤ ሻጭ ሰፍሮ ከጨረሰ በኋላ ጣል እንደሚያደርጋት ጭማሪ። ደጋፊው ምራቂ ያለው ለዚህ ነው። ስሙን ወደደው መሰለኝ፣ ሲጠሩት ይስቃል።

ያለፈው የውድድር ዓመት ሊያልቅ ሲል ሰሌዳው ስለ ምራቂ እንዲህ ይላል፦ ጨዋታ አሥራ ዘጠኝ፣ ጎል አራት፣ ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ። ከሲሚንቶ ቡድን ሦስት አጥቂዎች መጨረሻው እሱ ነው። የሦስቱ አንድ ላይ ሲደመርም ቡድኑ ከአሥራ አራቱ አሥራ አራተኛ ወጣ። መዶሻ የሚሉት የወደብ ቡድኑ አጥቂ በሃያ አራት ጨዋታ አሥራ ስድስት አግብቶ አናቱ ላይ ተቀምጧል። ሚዛን የምራቂን ስም ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ማስመር ምን አስፈለገው ቢሉ፣ ሰው እንዲያይለት ነዋ። መስታወቷን እያዘነበለ «ይኼ የታችኛው የሚስቴ ወንድም ነው» ይላል፤ «ቁጥር ዘመድ የለውም።» ደንበኛው ራሱን ይነቀንቃል፣ እሱ ደስ ይለዋል። በገዛ ቤተሰብ ላይ ጨክኖ ሐቀኛ መባል ለካ እንደዚህ ይጣፍጣል።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ጨዋታ አያመልጣትም፤ የስታዲየሙ በር ጠባቂ የሴት ልጁን የደንብ ልብስ ስለምትሰፋለት በነፃ ያስገባታል። አንድ እሑድ ምሳ ላይ ነገሩን አነሳች።

«አሥር ደቂቃ የገባበትን አንድ ጨዋታ ብለህ ትቆጥርበታለህ?»

«ገብቷል አልገባም?»

«ገብቷል።»

«እንግዲያው ተጫውቷል።»

«እኔ ሙሉ ቀሚስ ብሰፋ፣ ጎረቤቴ መጥታ አንድ እጅጌ ብትገጥምልኝ፣ ሁለታችንም አንድ አንድ ቀሚስ ሰፋን ይባላል?»

«እግር ኳስ ቀሚስ አይደለም» አላትና ጎረሰ።

ሰኞ የእጅጌውን ነገር ለደንበኞቹ ቀልድ አድርጎ አወራው። «ቤቴ ውስጥ አሰልጣኝ አለች፣ አጥቂዎችን በክንድ ትለካለች» ብሎ ሱቁን በሳቅ ሞላው። ጎማ ጠጋኙ ሳይቀር ድምፁን ሰምቶ ሊስቅ መጣ።

ሐሙስ ዝናብ ጣለ፣ ደንበኛ ጠፋ። ሚዛን ሥራ ሲፈታ እጁ ስለሚበላው የመሳቢያውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመረ። መሳቢያው ውስጥ የየጨዋታው የዳኛ ሪፖርት ቅጂ አለ፤ አራተኛ ዳኛው ደንበኛው ስለሆነ በየሳምንቱ ያመጣለታል። ከሪፖርቱ ላይ ሚዛን የሚገለብጠው ማን ገባ፣ ማን አገባ የሚለውን ብቻ ነበር። በስተግራ ጠርዝ ላይ ዳኛው በትናንሽ ቁጥር የሚጽፋት ሌላ ነገር አለች፤ ተቀያሪው የገባበት ደቂቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ዓይኑ ሥር የነበረች ነገር ናት። ሚስቱን ለማሸነፍ፣ እሑድ ምሳ ላይ «በይ እጅጌሽን ለክቼ መጣሁ» ሊላት፣ የምራቂን ደቂቃዎች መደመር ያዘ።

ሰማንያ ሁለተኛ ደቂቃ ገባ። ሰባ ስምንተኛ። ሰማንያ አምስተኛ። አንዴ ስልሳ ስድስተኛ። አንዴ ደግሞ ሰማንያ ዘጠነኛ፤ ላብ እንኳ ሳይነካው ጨዋታው አልቋል። የአሥራ ዘጠኙ ጨዋታ ድምር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደቂቃ ሆነ። ሦስት ሙሉ ጨዋታ እንኳ አይሞላም። በዚህ ውስጥ አራት ጎል። ለአራት አካፈለው፦ በየሃምሳ ሦስት ደቂቃው አንድ ጎል። የመዶሻን ሠራ፤ በየመቶ ሠላሳ አንድ ደቂቃው አንድ። የሲሚንቶ ቡድንን ዋና አጥቂ ሠራ፤ በየሁለት መቶ አርባው አንድ። የሊጉን አርባ አንድ አጥቂዎች ሁሉ ከቀን መቁጠሪያው በገነጠለው የዕለቱ ቅጠል ጀርባ ላይ አንድ በአንድ ሠራ። ምራቂን የሚቀርብ ሰው አልነበረም። ሁለት መቶ ደቂቃ ብዙ አይደለም፣ ዕድልም ይኖርበታል ቢባል ያስኬዳል፤ መጨረሻ ነው ማለት ግን አያስኬድም። ሰሌዳው ላይ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ልጅ ቢያንስ «ገና አልተመዘነም» ሊባል ይገባው ነበር።

ሚዛን ያኔ ማድረግ የነበረበት ቀላል ነው። ዳስተሩ ከሰሌዳው ሥር ተንጠልጥሏል፣ ጠመኔው ኪሱ ውስጥ ነው። ተነሳ፤ ሰሌዳው ፊት ቆመ። ከዚያ የሰኞው ሳቅ ትዝ አለው። ሃያ ሁለት ዓመት የጻፈው ሁሉ፣ ጋዜጣው የቀዳው ሁሉ፣ ተቀይረው ይገቡ የነበሩ ስንትና ስንት ልጆች ትዝ አሉት፤ እነሱንም እንደዚሁ ነበር የቆጠራቸው። ጆሮው ድረስ ጋለው። የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት አራት አጥፎ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተና «የውድድር ዓመቱ ይለቅና በአዲሱ ዓመት በደቂቃ እጀምራለሁ» አለ ለራሱ። ሰው ሲያፍር ቀጠሮ ይወዳል።

ቅዳሜ ጠዋት የሲሚንቶ ቡድኑ መሪ መጣ። ከሰዓት በኋላ የክለቡ ስብሰባ አለና ማማር ፈልጎ ነው። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ሲቀመጥ «ከሦስቱ አጥቂ አንዱን ዛሬ እናሰናብታለን፤ ፋብሪካው ለሌላ ሰው ቦታ አዘጋጁ ብሎናል» አለ።

ሚዛን መቀሱን አየር ላይ አንዴ አንቀጫቀጨ። «የትኛውን?» አለ።

«አንተን አይደል የምጠይቀው? አሰልጣኙ ምራቂ ይቅር ይላል፣ ልምምድ ላይ እንደሱ የሚያገባ የለም ይላል። እኔ ደግሞ ሰሌዳህን አየሁ።» የቡድን መሪው በመስታወቱ ውስጥ ሚዛንን አየውና ፈገግ አለ። «ሌላ ሰው ቢጽፈው እጠራጠር ነበር። አንተ ግን የገዛ ሚስትህን ወንድም መጨረሻ ላይ አስቀምጠህ፣ አስምረህበታል። እንደዚህ ዓይነት ሰው በዚህ ከተማ አንድ ብቻ ነው ያለው። ሚዛን የሚሉህ በከንቱ አይደለም።»

ወረቀቱ ሽርጡ ኪስ ውስጥ ነበር። ሚዛን ጎንበስ ሲል ሆዱ ላይ ሲኮሰኩሰው ይሰማዋል። አሁን እናገራለሁ፣ ጆሮውን ልጨርስ፤ አሁን እናገራለሁ፣ ማጅራቱን ልላጭ፤ እያለ ሁለቱንም ጨረሰ። ምስጋናው አፉ ውስጥ እንደ ከረሜላ ነበር፤ ለመናገር መትፋት ያስፈልጋል። መትፋት አቃተው። ትንሿን መስታወት ያዘ፣ ማጅራቱን አሳየ፣ ከዚያ እጁ ከልማዱ የተነሳ ወደ ሰሌዳው አዘነበላት። የቡድን መሪው አነበበና ራሱን ነቀነቀ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች። ይቺ የቅዳሜዋ ዝምታ ግን ገና ሰውየው በሩን ሳይወጣ ነቀዘች።

ሰኞ የምራቂ ስንብት ታወቀ። የሚዛን ሚስት የሰማችው ከስታዲየሙ በር ጠባቂ ነው። ወደ ሱቅ አልመጣችም፤ ማታም ስለ ሰሌዳው አንድ ቃል አልተናገረችም። እሱም ቢሆን እውነቱን ከመንገር ይልቅ ራሴን አሞኛል ብሎ ተኛ።

ረቡዕ ምራቂ ራሱ መጣ። እንደ ድሮው ከበሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ እንደ ድሮው «ጋሼ፣ ስትደክም ነው የደረስኩት?» አለ፣ ተቀመጠ። ሚዛን ጨርቁን አንገቱ ላይ አሰረለት።

«ዱቄት ፋብሪካ ጫኝ ይፈልጋሉ» አለ ምራቂ። «ነገ እጀምራለሁ። አጠር አድርገው፣ ዱቄት ፀጉር ውስጥ ሲገባ አይወጣም አሉኝ።»

«ሌላ ክለብስ? ታች ሊግ እንኳ?»

«አንዱ ጠርቶኝ ነበር። አልሄድም አልኩ።»

«ለምን?»

ምራቂ ትከሻውን ከጨርቁ ሥር ነቀነቀ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ነህ ያስተማርከኝ። ዓይን ያዳላል፣ ቁጥር አያዳላም ትል የለ? በፊት በፊት ስገባ አገባለሁ ብዬ ነው የምገባው። ሰሌዳውን ካየሁ በኋላ ግን ኳሷ እግሬ ሥር ስትመጣ ያቺ ሃያ አንድ ትዝ ትለኛለች። አሳልፌ እሰጣለሁ። እግሬም አመነው መሰለኝ። ሌላ ሰው ቢጽፈው ኖሮ እስቅበት ነበር።»

ያለ አንዲት የቁጣ ቃል ነው የተናገረው። ሚዛን የምራቂን ራስ ግራ ጎን ሠርቶ ጨርሷል፣ ቀኙ ገና ነበር። ማሽኑን አጠፋው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ መሬት ግን የራሷ ሥራ አላት። ከሽርጡ ኪስ ወረቀቱን አውጥቶ የምራቂ ጭን ላይ፣ ከጨርቁ በላይ፣ ዘረጋለት።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «ጨዋታውን ቆጠርኩ እንጂ ደቂቃውን አልቆጠርኩም። እህትህ ነግራኝ ነበር፤ ሳቅኩባት። ከአርባ አንዱ አጥቂ በደቂቃ የሚቀርብህ የለም።»

ምራቂ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየው። ሃምሳ ሦስትን በጣቱ ነካት። ፊቱ ላይ የሆነ ብርሃን ሊመጣ ሲል፣ ከወረቀቱ በስተጀርባ የታተመ ቀን አሳልፎ ታየው። ከቀን መቁጠሪያ የተገነጠለ ቅጠል ነውና ቀኑ በሌላው ገጽ ታትሞበታል። ገለበጠው።

«መቼ ነው ያወቁት?» አለ።

ያወቅኸው አላለም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አንተ ሲለው የኖረው ልጅ አንቱ አለው። 

«ሐሙስ።»

«ስብሰባው ቅዳሜ ነበር።»

«ቅዳሜ ነበር።»

«የቡድን መሪው ቅዳሜ ጠዋት እዚህ እንደተቆረጠ ነግሮኛል።»

«እዚሁ ወንበር ላይ» አለ ሚዛን። «ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። አመሰገነኝ። ከአፌ አልወጣ አለ።» ሌላ ምክንያት ቢፈልግ አጣ። «አፈርኩ» አለ።

ምራቂ ለመነሳት እጁን ከጨርቁ ሥር አወጣ። ከዚያ ራሱን በመስታወቱ አየ፤ ግማሹ የተቆረጠ፣ ግማሹ እንደነበረ። ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይጨርሱት» አለ። «በግማሽ ራስ መንገድ ላይ አልወጣም።»

ሚዛን ሲቆርጥ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል፤ እንደዚያ ቀን የረዘመበት ግማሽ ራስ የለም። የሚያውቀው ራስ ነው። ከጆሮው በላይ ያለችው ጠባሳ በስምንት ዓመቱ ከግንብ ሲወድቅ የተሰፋችው ናት፤ ይዞት ሐኪም ቤት የሮጠው ሚዛን ነበር። ጣቱ ጠባሳዋን ሲነካት ራስየው ትንሽ ሸሸ። ማሽኑ ብቻ ይጮሃል።

ሲያልቅ ትንሿን መስታወት ከኋላ ያዘ። ማጅራቱን አሳየው። ከዚያ እጁ ያው ጉደኛ እጁ ነው፣ አዘነበላት። የምራቂ ስም ከእነ ሁለት መስመሩ ተቃንቶ ታየ። ሚዛን ደንግጦ መስታወቷን አስቀመጠና ዳስተሩን ሊያነሳ ሄደ።

«አያጥፉት» አለ ምራቂ። ጨርቁን ራሱ ፈትቶ ተነስቷል። «ይቆይ። አጠገቡ ያወቁበትን ቀን ይጻፉበት።»

ሚዛን ጠመኔውን አወጣ። ከዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ ጎን «ሐሙስ» ብሎ ጻፈ። ሲዞር ሱቁ ባዶ ነበር፤ ምራቂ ወረቀቱን ይዞ ሄዷል።

ያን ዕለት ሽርጡን ሳያወልቅ ወደ ሲሚንቶ ቡድኑ መሪ ቢሮ ሮጠ። ሁሉንም ተናገረ። ሰውየው እስኪጨርስ አዳመጠውና «አዲሱ አጥቂ ትናንት ፈርሟል» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ሳያነሳ «ቅዳሜ ጠዋት እኮ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጅህ ራሴ ላይ ነበር» አለው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቦታ ይቆረጣል።

ሚዛን ለሚስቱ የነገራት ማታ ነው። የስፌት መኪናዋን አቁማ ሰማችው። ስለ እጅጌው አላነሳችበትም፣ ስለ ሳቁም አላነሳችበትም። «ቅዳሜ ምሳ ስንበላ ታውቅ ነበር?» አለች። አውቅ ነበር አላት። በስሙ ጠራችው፤ ከስሙ በኋላ ምንም አልጨመረችም። ክሩን ወደ መርፌው አስገብታ መስፋቷን ቀጠለች።

አዲሱ የውድድር ዓመት ሲጀምር ሰሌዳው በደቂቃ ሆነ። ጋዜጣውም «ዝግጅት ክፍላችን ባደረገው አዲስ ጥናት» ብሎ አወጣው። ምራቂ በምንም ቡድን ሥር የለም፤ ዱቄት ፋብሪካ ነው። ከሠራተኞቹ ጋር እሑድ እሑድ ይጫወታል፣ ያገባል አሉ። ሚዛን ግን ሰኞ ሰኞ ሰሌዳውን አጥፍቶ ሲጽፍ ከታች ጥግ ላይ የድሮዋን መስመር እንዳለች መልሶ ይጽፋታል፤ ጨዋታ አሥራ ዘጠኝ፣ ጎል አራት፣ ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ፣ ሐሙስ።

አዲስ ደንበኛ ይመጣል፤ ትንሿ መስታወት ስትዘነብልለት ያነባል። «ይቺ ሐሙስ ምንድን ናት?» ይላል። ሚዛን መስታወቷን ያስቀምጥና ይናገራል። ከእጅጌው ይጀምራል፤ ቅዳሜ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል፣ ግን አይዘልላትም። አንዳንዱ ሰው ይስቃል፣ አንዳንዱ አይዞህ ይለዋል። ምራቂ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ እህቱን ሊጠይቅ እቤት ይመጣል፤ ፀጉሩ ሌላ ሰው የቆረጠው ነው፣ ከጆሮው በላይ ጠባሳዋ አካባቢ ሁልጊዜ ትንሽ ተዛብቶ ይቀራል። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» ይለዋል። ሚዛንም ደህና ነኝ ብሎ ወንበር ያቀርብለታል።